ኮርኒሱ ከመበሳቱ በፊት

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተሠራ የለንደን አፓርታማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ የተገጠመበትን ቁም ሣጥን የሚከፍት ሠራተኛ፣ ከቆጣሪው ጀርባ ግራጫማ ሰሌዳ ሊያገኝ ይችላል። ሰሌዳው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይወፍርም። ቀለም ከተቀባ ከጂፕሰም ቦርድ ለመለየት ያስቸግራል። ከተሰበረ ግን ስብራቱ ላይ ዓይን እንደ ምንም የሚያያቸው ቀጫጭን ክሮች ብቅ ይላሉ። እሳት አይበላውም፣ ምስጥ አይነካውም፣ በእጅ መጋዝ ይቆረጣል፣ ሚስማር ያለ ችግር ይቀበላል። አናጺ የሚመኘው ዓይነት ዕቃ ነበር። ከክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው አስቤስቶስ የተባለው የማዕድን ክር ነው።

በብሪታንያ ገበያ በሰፊው የታወቀው የዚህ ሰሌዳ ዓይነት አስቤስቶሉክስ ይባል ነበር። ኬፕ የተባለው ኩባንያ በምዕራብ ለንደን፣ አክስብሪጅ በነበረው ፋብሪካው ያመርተው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሪቱ የፈረሱ ከተሞቿን መልሳ ስትሠራ፣ አስቤስቶስ ያለባቸው ሰሌዳዎች ለትምህርት ቤት ኮርኒስ፣ ለሆስፒታል መተላለፊያ፣ ለማዘጋጃ ቤት አፓርታማ የእሳት መከላከያ በር፣ ለማሞቂያ ቦይለር ክፍል ግድግዳ ዋሉ። አናጺው በቀን ብዙ ሰሌዳ በኤሌክትሪክ መጋዝ ይቆርጣል፤ አቧራው ፊቱንና ቱታውን ያለብሰዋል፤ ምሳውን እዚያው ተቀምጦ ይበላል። ማንም ተው አላለውም።

የዚያ አቧራ ዋጋ በቁጥር የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ2009 የታተመና ጁሊያን ፒቶ የተባሉ የወረርሽኝ ጥናት ሊቅ የመሩት ምርምር፣ ሜሶቴሊዮማ የያዛቸውን 622 ሰዎችና ከ1,400 በላይ በሽታው የሌለባቸውን ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የት የት እንደ ሠሩ ጠየቀ። ሜሶቴሊዮማ ሳንባን፣ አንዳንዴም ሆድ ዕቃን በሸፈነው ስስ ገበር ላይ የሚነሣ ካንሰር ነው፤ ዋናው መንስኤው አስቤስቶስ ነው። ውጤቱ የሚያስደነግጥ ሆነ። በ1940ዎቹ ተወልደው፣ ዕድሜያቸው 30 ሳይሞላ ከ10 ዓመት በላይ በአናጺነት ከሠሩ ብሪታንያውያን ወንዶች መካከል ከ17ቱ አንዱ በዚህ በሽታ የመሞት ዕጣ ነበረበት። ለቧንቧ ሠራተኛ፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛና ለቀለም ቀቢ ከ50 ሰው አንድ። ለቀረው የግንባታ ሠራተኛ ከ125 አንድ።

እነዚህ ሰዎች የማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም። የአስቤስቶስ ፋብሪካ ደጃፍም አልረገጡም። ቤት የሚሠሩ፣ ቤት የሚጠግኑ፣ የሰፈር ሰው ስልክ ደውሎ የሚጠራቸው ባለሙያዎች ነበሩ።

ሕጉ ፋብሪካው በር ላይ ሲቆም

የአስቤስቶስ ጉዳት ሳይታወቅ የቆየ ምስጢር ነበር ብሎ የሚያስብ ብዙ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። በሰሜን እንግሊዝ ሮችዴል ከተማ በተርነር ብራዘርስ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ፈታይ የነበረችው ኔሊ ከርሾ በመጋቢት 1924 በ33 ዓመቷ ሞተች። ዊልያም ኩክ የተባሉ ሐኪም ሳንባዋን በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ጠባሳ ሞልቶበት፣ በጠባሳው ውስጥም የማዕድን ቅንጣቶች ተሰክተው አገኙ። ግኝታቸውንም በዚያው ዓመት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ኩባንያው ግን ኃላፊነት አልተቀበለም፤ ለቀብሯ ወጪ እንኳ ገንዘብ ለመስጠት እምቢ አለ። ለአንዷ ከከፈለ ለሌሎችም መክፈል ይመጣል ብሎ ሰግቶ ነው። ኔሊ ስሟ ባልተጻፈበት የድሆች መቃብር ተቀበረች።

ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1930፣ የመንግሥት የፋብሪካዎች የሕክምና ተቆጣጣሪ ሜሪዌዘር እና መሐንዲሱ ፕራይስ ዘገባቸውን አቀረቡ። ከመረመሯቸው 363 የአስቤስቶስ ሠራተኞች ሩብ ያህሉ ሳንባቸው ጠባሳ ይዞ ነበር። ሥራው ላይ በቆዩ ቁጥርም የታማሚው ድርሻ ይጨምራል። መንግሥት በዚህ መነሻ በ1931 ደንብ አወጣ፤ አቧራው በማራገቢያ እንዲወጣ፣ ሠራተኞቹም በሐኪም እንዲታዩ ታዘዘ።

ይህን ደንብ ልብ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል፤ የኋላው መከራ ሁሉ ከዚህ ይጀምራልና። ደንቡ የሚመለከተው አስቤስቶስን በፋብሪካ የሚያመርቱትን ነበር። ሰሌዳው ተጭኖ ከፋብሪካው በር ከወጣ በኋላ ለሚቆርጠው አናጺ፣ ለሚበሳው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቧንቧ ለሚጠቀልለው ሰው የሚሆን አንቀጽ አልነበረበትም። ጥበቃው ወደ ግንባታ ሥራና ወደ ሌሎች የሥራ ቦታዎች የሰፋው በ1969 በወጣ አዲስ ደንብ ነው። በመካከሉ ወደ 40 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። የዕቃው ፍጆታ ወደ ጣሪያ የወጣውም በዚያው ዘመን ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ማስረጃው እየተከማቸ ሄደ። በ1955 ተመራማሪው ሪቻርድ ዶል በዚያው በሮችዴል ፋብሪካ የሠሩ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በ1960 ክሪስ ዋግነርና ባልደረቦቹ በደቡብ አፍሪካ ሰሜናዊ ኬፕ፣ ሰማያዊ አስቤስቶስ በሚወጣበት አካባቢ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማን መኖራቸውን ጻፉ። ከእነሱም መካከል ማዕድኑ ውስጥ ሠርተው የማያውቁ፣ በልጅነታቸው እዚያ አካባቢ ብቻ የኖሩ ነበሩበት። በ1965 ደግሞ ሞሊ ኒውሃውስና ሂልዳ ቶምፕሰን የለንደንን ጉዳይ አወጡ። ካጠኗቸው 76 ሕሙማን ውስጥ ዘጠኙ ከአስቤስቶስ ጋር የተገናኙት በቤተሰብ በኩል ብቻ ነበር፤ የባል፣ የአባት ወይም የወንድም የሥራ ልብስ የገባበት ቤት ውስጥ ኖረዋል። ቱታ አራግፎ ማጠብ ለአንዳንዶቹ የሞት ምክንያት ሆነ።

ከአትላንቲክ ማዶ ኒው ዮርክ ውስጥ ኧርቪንግ ሴሊኮፍ የተከተሉት መንገድ የተለየ ነበር። ፋብሪካውን ትተው፣ በየሕንፃው እየዞሩ ቧንቧና ቦይለር የሚሸፍኑትን የሙቀት መከላከያ ሠራተኞች አጠኑ። ከኒው ዮርክና ከኒው ጀርዚ የሠራተኛ ማኅበራት መዝገብ 632 ሰዎችን ይዘው ማን እንደ ኖረ፣ ማን በምን እንደ ሞተ ተከታተሉ። በ1964 ያሳተሙት ውጤት በሳንባና በሳንባ ገበር ካንሰር የሞቱት ከሚጠበቀው ሰባት እጥፍ ገደማ መሆናቸውን አሳየ። ፋብሪካ ሳይገቡ ዕቃውን በእጃቸው የሚነኩ ባለሙያዎች እንደሚሞቱ ከዚህ በኋላ አላውቅም ማለት የሚችል አምራች አልነበረም። ሆኖም በብሪታንያ ሰማያዊውና ቡናማው አስቤስቶስ የታገዱት በ1985፣ ነጩ ደግሞ በ1999 ነው።

ሳንባ ውስጥ የሚሆነው

አስቤስቶስ ከድንጋይ የሚገኝ ክር ነው። አንዱን ክር ቢሰነጥቁት ወደ ቀጫጭን ክሮች ይከፈላል፤ እነዚያም እንዲሁ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ብናኝ ከሰው ፀጉር መቶ ጊዜ ያህል የቀጠነ፣ ነፋስ ባይኖርም እንኳ አየር ላይ ለሰዓታት ተንሳፍፎ የሚቆይ ነው። ሽታ የለውም፤ አያስነጥስም፤ ጉሮሮ አይከረክርም። ሠራተኛው የሚያየው ወፍራም አቧራ መሬት ላይ ወድቆ ተጠርጎ ሲያልቅ፣ የማያየው ገና ክፍሉ ውስጥ አለ።

ወደ ሳንባ የሚገባውን ባዕድ ነገር የሚያጸዱ ጠባቂ ሴሎች አሉ፤ ቅንጣቱን ውጠው ይፈጩታል። ከ0.02 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ክር ሲገጥማቸው ግን መዋጥ ያቅታቸዋል፤ ጫፉ ከሴሉ ውጭ ይቀራል። ሴሉ እየታገለ የሚያቃጥሉ ኬሚካሎችን ይረጫል፣ ይሞታል፤ ሌላው ይተካዋል፤ እሱም እንዲሁ። ክሩ በቀላሉ አይሟሟም። ቀጥ ያሉት ሰማያዊውና ቡናማው ዓይነት በተለይ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ይቀመጣሉ። የማያባራው ቁጣ ሕብረ ሕዋሱን ጠባሳ ያደርገዋል፤ የሴሎችንም የዘር መረጃ ያበላሻል። በጠባሳው ትንፋሽ የሚያሳጥረው አስቤስቶሲስ ይመጣል፤ ከተበላሸው ዘር የሳንባ ካንሰርና ሜሶቴሊዮማ ይነሣሉ። ነጩ አስቤስቶስ ጠምዘዝ ያለና ቶሎ የሚሰባበር በመሆኑ ከሁለቱ ያነሰ ኃይል አለው ቢባልም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት ካንሰር አምጪ መሆኑን ወስኗል።

ይህን በሽታ ከሌሎች የሥራ አደጋዎች የሚለየው ጊዜው ነው። ከመሰላል የወደቀ ሰው ዕለቱን ይታወቃል። ሜሶቴሊዮማ ግን አቧራው ከተማገ ከ20 እስከ 50 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው። በ19 ዓመቱ ተለማማጅ ሆኖ ኮርኒስ የቀደደ ልጅ ጡረታ ሲወጣ ደረቱ ውኃ ይቋጥራል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ከምርመራው በኋላ አብዛኛው ሰው ሁለት ዓመት አይቆይም። ሲጋራ ደግሞ የሳንባ ካንሰሩን ያባብሰዋል። በአሜሪካ የሙቀት መከላከያ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከማያጨስና አስቤስቶስ ካልነካ ሰው ጋር ሲነጻጸር አስቤስቶስ ብቻውን አደጋውን አምስት እጥፍ፣ ሲጋራ ብቻውን አሥር እጥፍ ገደማ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ከ50 እጥፍ በላይ ያደርሱታል። ማጨስ ያቆመ የግንባታ ሠራተኛ፣ ምንም ያህል ዘግይቶ ቢሆን፣ ለራሱ ትልቅ ነገር አድርጓል።

ክፍል በክፍል

እንግዲህ ወደ ቤቱ እንግባ። ከ2000 በፊት የተሠራ ወይም የታደሰ የብሪታንያ ሕንፃ፣ ተመርምሮ ነጻ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አስቤስቶስ አለበት ተብሎ ነው የሚገመተው። የት እንዳለ የሚያውቅ ባለሙያ ዓይኑ ቀድሞ የሚሄድባቸው ቦታዎች አሉ።

ሳሎን ሲገቡ ኮርኒሱ ላይ በማበጠሪያ የተሣለ የሚመስል የሚያምር ልስን ይታያል፤ አርቴክስ ይባላል። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የተሠራው ብዙውን ጊዜ ጥቂት በመቶ ነጭ አስቤስቶስ አለበት። ሳይነካ ቢቀመጥ ጉዳት የለውም። መብራት ለመስቀል ሲበሳ፣ ከዚያ የባሰ ደግሞ አዲስ ቀለም ለመቀባት በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ ግን ክሩ ይለቀቃል። ቀለም ቀቢዎች ለምን በሽተኛ እንደሚሆኑ የገረመው ሰው መልሱን እዚህ ያገኘዋል፤ ከመቀባት በፊት መፋቅ አለ።

ወለሉ ላይ የተነጠፈው የድሮ ፕላስቲክ ንጣፍና ከሥሩ ያለው ጥቁር ሙጫ አስቤስቶስ ሊይዙ ይችላሉ። በአሮጌው የፊውዝ ሣጥን ውስጥ ከሽቦው ጀርባ ትንሽ ነጭ ጨርቅ መሰል ነገር ይገኛል፤ የእሳት ብልጭታን ለመከላከል የተደረገ የአስቤስቶስ ሽመና ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፊቱን ሣጥኑ ላይ ደፍቶ በካቻቢቴ ሲሠራ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው። ጣሪያ ሥር ያለው የውሃ ታንከር፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ፣ የጋራዡ ሞገዳማ ግራጫ ጣሪያ ከሲሚንቶና ከአስቤስቶስ ድብልቅ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ጠንካሮች ናቸው፤ ክሩ በሲሚንቶው ተይዟል፤ በመጋዝ ወይም በግራይንደር ካልተቆረጡ፣ በመዶሻ ካልተሰባበሩ ብዙ አይለቁም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ምድር ቤት ነው። የድሮ የማሞቂያ ቧንቧ በነጭ ሸራ ተጠቅልሎ ቀለም ተቀብቶ ይታያል፤ ከሸራው ሥር ያለው ሽፋን አንዳንዴ አብዛኛው ክፍሉ አስቤስቶስ ነው። ደርቆ ስለሚፈረካከስ እጅ ሲነካው ብቻ ይበናል። የቧንቧ ሠራተኛ የሚያንጠባጥበውን መጋጠሚያ ፍለጋ ይህን ሽፋን በቢላዋ ቀድዶ መሬት ላይ ይጥለዋል፤ ቀኑን ሙሉም ይረግጠዋል። ሌላው ሠራተኛ በመጥረጊያ ይጠርገዋል። አንዱ የቀደደውን ሦስትና አራት ሰው ይተነፍሰዋል፤ በግንባታ ቦታ አቧራውን ተንፍሰው ከሞቱት መካከል ዕቃውን ራሳቸው ያልነኩ፣ ከሚነካው ጎን የቆሙ ነበሩባቸው።

የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በአገሪቱ ከአስቤስቶስ ጋር በተያያዙ በሽታዎች በዓመት 5,000 ሰው ገደማ እንደሚሞት ይገምታል። በ2008 ለባለሙያዎች የማስጠንቀቂያ ዘመቻ ሲጀምር ደግሞ በየሳምንቱ በአማካይ 20 የግንባታና የጥገና ባለሙያዎች ይሞታሉ ብሎ ነበር። ዘመቻው ያስፈለገበት ምክንያት ራሱ የሚያሳስብ ነው፤ ወጣቶቹ ሠራተኞች አስቤስቶስ ስለታገደ ያለቀለት የአባቶቻቸው ዘመን ጉዳይ ይመስላቸው ነበር። የታገደው አዲሱ ዕቃ ነው። አሮጌው ከነአቧራው ግድግዳው ውስጥ ነው ያለው።

የሚያውቀውና የሚበሳው

ከ2004 ጀምሮ በብሪታንያ የንግድና የሕዝብ አገልግሎት ሕንፃ የሚያስተዳድር ሁሉ፣ አስቤስቶስ የት እንዳለ የማስመርመር፣ መዝገብ የመያዝና ሊሠራ ለመጣ ባለሙያ መዝገቡን የማሳየት ግዴታ አለበት። አሁን የሚሠራበት የ2012 ደንብም ይህን አጽንቶታል። የቧንቧ ሽፋንና የመከላከያ ሰሌዳ የመሰለውን አደገኛ ዕቃ በጥቂቱ ካልሆነ በቀር ማንሣት የሚችለው ልዩ ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። ክፍሉ በላስቲክ ይታሸጋል፣ አየሩ በማጣሪያ እየተሳበ ይወጣል፣ ሲያልቅም ገለልተኛ መርማሪ አየሩን ለክቶ ካላረጋገጠ ማንም አይገባም።

ሕጉ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ግን ትልቅ ቀዳዳ አለው። መዝገብ የመያዝ ግዴታው የግለሰብ መኖሪያ ቤትን አይጨምርም፤ የአፓርታማ ደረጃ፣ ኮሪደርና የጋራ ምድር ቤት ውስጥ ይቆማል። በሩን አልፎ ወጥ ቤቱን ለማደስ የሚገባው አናጺ የሚጠይቀው መዝገብ የለውም። ባለቤቱም አያውቅም፤ ቤቱን የገዛው ከሌላ ሰው ነው፣ ያም ከሌላ። ትልቁ ተቋራጭ የደኅንነት ኃላፊ አለው፣ ሥልጠና ይሰጣል፣ ዕቃውን ላቦራቶሪ ይልካል። ለብቻው የሚሠራው ሰው ያለው አንድ መኪና፣ አንድ የመሣሪያ ሣጥንና እስከ ዓርብ ይጨርስልኝ የሚል ደንበኛ ነው። አደጋው የሚበዛበት ሰው ጥበቃው የሚያንስበት ሰው ሆኗል። በ1931 ፋብሪካው በር ላይ የቆመው ሕግ ዛሬ የመኖሪያ ቤቱ በር ላይ ቆሟል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሊታረም የሚገባው ስሕተት ነው።

በየሕንፃው የቀረው አስቤስቶስ ጉዳይ ለመንግሥትም ቀርቧል። በሚያዝያ 2022 የፓርላማው የሥራና የጡረታ ኮሚቴ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ካሉ ሕንፃዎች አስቤስቶስ በሙሉ በ40 ዓመት ውስጥ እንዲነሣ ቀነ ገደብ ይቀመጥ ብሎ ጠየቀ። መንግሥት ቀነ ገደቡን አልተቀበለም፤ ሳይነካ የተቀመጠን ዕቃ ማንሣት ሌላ አደጋ ያመጣል የሚል ነበር ክርክሩ። ክርክሩ ፍሬ አለው፤ በጥድፊያ የተነሣ አስቤስቶስ ካልተነካው ይብሳል። ቢሆንም ሕንፃ ያረጃል፣ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ተከራይ ሚስማር ይመታል። ለዘላለም ሳይነካ የሚቀር ግድግዳ የለም።

ከታመሙ በኋላ ያለው መንገድም ለግል ሠራተኛው ጠባብ ነው። ሜሶቴሊዮማ ከየትኛው ቀጣሪ ዘንድ በተማገ ክር እንደ መጣ በሳይንስ ማረጋገጥ አይቻልም። ሰውየው በአምስት ተቋራጮች ዘንድ ሠርቶ ከሆነ አምስቱም እኔ አይደለሁም ሊሉ ይችላሉ፤ ብለውም ነበር። በ2002 የጌቶች ምክር ቤት ፌርቻይልድ በተባለው መዝገብ ይህን በር ዘጋ፤ ጥፋት ኖሮበት አደጋውን ከፍ ያደረገ ቀጣሪ ሁሉ ተጠያቂ ይሆናል ብሎ ወሰነ። ቀጣሪውም መድን ድርጅቱም የጠፋበት ሠራተኛ በ2014 ከተቋቋመው የካሣ ፈንድ ይጠይቃል። በራሱ ስም ሲሠራ የኖረው ግን እዚህም አይገባም። ለእሱና ልብስ በማጠብ ለታመሙ የቤተሰብ አባላት የቀረው በ2008 የተጀመረው የመንግሥት የአንድ ጊዜ ክፍያ ነው።

ከብሪታንያ ውጭ

አሜሪካም ያው ነው። የፌዴራሉ የአየር ብክለት ደንብ ሕንፃ ከመፍረሱ ወይም ከመታደሱ በፊት አስቤስቶስ እንዲመረመር ያዛል፤ አራትና ከዚያ በታች መኖሪያ ያላቸውን ቤቶች ግን በአብዛኛው ይተዋቸዋል። ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች የየራሳቸው ጠበቅ ያለ ደንብ ሊኖራቸው ስለሚችል እዚያው መጠየቅ ግድ ነው። የሠራተኛ ደኅንነት ደንቡ ከ1980 በኋላ ባልተሠራ ሕንፃ ውስጥ ያለ የቧንቧ ሽፋንና የተረጨ ልስን፣ ተመርምሮ ካልተረጋገጠ በቀር፣ አስቤስቶስ ነው ተብሎ እንዲያዝ ያዛል። ይህም ደንብ ቀጣሪና ተቀጣሪን እንጂ ለራሱ የሚሠራውን ሰው አይመለከትም። በአሜሪካ ቤቶች ጣሪያ ሥር ሌላም ነገር አለ፤ ዞኖላይት በሚል ስም የተሸጠ፣ የሚያብለጨልጭ ጠጠር መሰል የሙቀት መከላከያ። አብዛኛው ከሞንታና ክፍለ ግዛት፣ ሊቢ ከተማ ማዕድን የወጣ ነው፤ ማዕድኑ ከአስቤስቶስ ጋር ተቀላቅሎ ስለነበር ባለሥልጣኖቹ እንዲህ ያለ ዕቃ ያገኘ ሰው እንዳይነካው ይመክራሉ።

በእስራኤል ኢታኒት የተባለው ፋብሪካ በናሃሪያ አካባቢ ከ1952 እስከ 1997 የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ሲያመርት ቆይቷል። ቆሻሻውን የምዕራብ ገሊላ ነዋሪዎች መንገድና ግቢ ለመደልደል ወስደውት ስለነበር መንግሥት ከዓመታት በኋላ መሬቱን ለማጽዳት ተገዷል። በ2011 የወጣው ሕግ አዲስ መጠቀምን ከልክሎ፣ የማንሣት ሥራውን ፈቃድ ላላቸው ሰጠ።

ይህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በለንደን፣ በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ዙሪያ ከሚኖሩ ወገኖች መካከል በቀለም ቅብ፣ በጽዳት፣ በቤት እድሳትና በማፍረስ ሥራ የሚተዳደሩ አሉ። አዲስ መጤ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ማፍረሱ ነው፤ ቋንቋ ስለማይጠይቅ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ ግን ያው የማያነበው ቋንቋ ነው የሚናገረው። አገር ቤትም ቢሆን የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ጣሪያና ቧንቧ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመላው ዓለም የተሸጠ ዕቃ ስለነበር፣ ከአሮጌ ሕንፃ ግራጫ የሲሚንቶ ጣሪያ የሚያወርድ ሰው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) አሠሪው ሠራተኛውን ሥራው ሊያስከትል ስለሚችለው አደጋ እንዲያሳውቅና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድደዋል። ሠራተኛው ይህን ሲጠይቅ ውለታ እየለመነ አይደለም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ላይ መጠርጠር የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ይህ ቤት መቼ ተሠራ? ተመርምሯል ወይ? ወረቀቱ የት አለ? መልስ ከሌለ ድሪሉ አይነሣም። ናሙና ወስዶ ላቦራቶሪ መላክ ከጠቅላላው የእድሳት ወጪ አንጻር ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ናሙናውን ግን የሠለጠነ ሰው ይውሰደው። ሥራ ላይ ሳሉ ሳይታሰብ የተጠረጠረ ሰሌዳ ቢሰበር፣ ሥራውን አቁሞ መውጣት፣ በሩን መዝጋት፣ ለአሠሪው መንገር ነው የሚገባው። መጥረግ አይገባም። ተራ የቤት ቫክዩም ክሩን በማጣሪያው አሳልፎ መልሶ ይበትነዋል። ገበያ ላይ ያለው ስስ የወረቀት ማስክም አይከላከልም፤ ብሪታንያ ውስጥ ቢያንስ ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የሚባለው ደረጃ ያስፈልጋል፤ እሱም ጺም ባለው ፊት ላይ በደንብ አይገጥምም። ቱታው ቤት መሄድ የለበትም፤ በለንደን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሰዎች ሞት ያስተማረው ይህን ነው።

ቤት የሚያሳድሱ አንባቢዎችም ድርሻ አላችሁ። የቤታችሁን ዕድሜ የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ አናጺው አይደለም። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የምታውቁትን ንገሩት፤ የማታውቁትን አስመርምሩ፤ ላስመርምር ብሎ ሥራውን ሁለት ቀን ያዘገየውን ባለሙያ አታባርሩት። እናንተ ሠራተኞችም፣ ወንድምና ልጅ ሥራ ስታስገቡ መጋዝ አያያዝ ከማስተማራችሁ በፊት ይህን ጥያቄ አስተምሯቸው።